ሁለት አሃዝ ዝናብ

ሽቦ መበየጃው ሊድ ሲቀልጥ የሚወጣው ጭስ አፍንጫዬን በነካው ቁጥር ንፋስ መውጫ ከተማ የነበረው ቢሯችን ይመጣብኛል። ትናንት ሬዲዮ ጠጋኙ ደጃፍ ላይ ሸተተኝና፣ ለማንም አውርቼው የማላውቀውን ልነግርሽ ተነሳሁ።

እዚያ ከተማ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። የክፍል ኃላፊያችን በተማሪነቴ ያስተማሩኝ ሰው ነበሩ፤ ሽቦ መበየድን እንኳ እጄን ይዘው ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ጋሼ እላቸው ነበር። ግቢያችን ውስጥ የተተከለው የዝናብ መለኪያ ከንጋት ጀምሮ የወረደውን ዝናብ በገመድ ሲሪያል ፖርት ወደሚባለው የኮምፒውተሩ መሰኪያ ይልካል። ያንን ተቀብሎ ስክሪን ላይ የሚያሳየውን ፕሮግራም ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሦስት ወር ታገልኩ። መጀመሪያ የገመዱ ሽቦዎች ተገለባብጠው ነበር፤ ቀጥሎ የመላኪያውና የመቀበያው ፍጥነት አልገጥም ብሎ ስክሪኑ በማይነበብ ምልክት ተሞላ። ቁጥሩ ጠርቶ የወጣ ዕለት ብቻዬን እልል አልኩ።

በሳምንቱ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የፕሮግራሙ አዘጋጅ ተብሎ የተጻፈው የጋሼ ስም ነበር። ስጠይቃቸው ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«አንቺ ገና ልጅ ነሽ፤ ይደርስሻል።»

ደሜ ፈላ። ግን ሳልከራከር ወደ ቦታዬ ተመለስኩ፤ ፕሮግራሙ ውስጥ እሳቸው የማያውቁት አንድ ስህተት ነበረና። ከመለኪያው ለሚመጣው መስመር ያዘጋጀሁት ቦታ በአንድ ፊደል ያንስ ነበር። ዝናቡ ከአሥር ሚሊሜትር በታች ሲሆን ይበቃል፤ ሁለት አሃዝ ከገባ ግን መስመሩ ሞልቶ ይፈስና ሁሉም ይዘበራረቃል። በኔ ቅጂ ላይ አስተካክዬዋለሁ። እሳቸው የያዙት የድሮውን ነው።

ለእንግዶች የሚታይበት ቀን ሐምሌ ላይ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ወደ ሰማይ እያየሁ ዝናብ ስለምን ሰነበትኩ።

ቀኑ ደረሰ። የወረዳ ሰዎች፣ ገበሬዎች፣ እዚያው አካባቢ ካለው የቤተ ልሔም ደብር የመጡ አንድ የኔታም ነበሩ። ጋሼ ንግግር ሲጀምሩ ቆርቆሮው ላይ ጠብ ጠብ አለ፤ ወዲያው ዶፍ ሆነ። ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ... እኔ ከኋላ ቆሜ የስክሪኑን ቁጥር እከተላለሁ። ከዚያ ስክሪኑ ተተረማመሰ። ጋሼ ገመድ ነቀሉ፣ ሰኩ፤ አጠፉ፣ አበሩ። ላባቸው ይንቆረቆራል።

የኔታ በትሕትና ጠየቁ፦ «ልጄ፣ ዝናቡንስ በቆርቆሮው እየሰማነው ነው። ሣጥኑ ምን ይላል?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጋሼ ወደኔ ዞሩ። «እስኪ ነይ እይልኝ።»

«የእርስዎ ፕሮግራም አይደል እንዴ? እኔ ምን አውቄ!» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማ።

አልዋሽሽም፣ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም። አሁንም ሳስበው ፈገግ እላለሁ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ሁለታችን ቀረን።

«ታውቂው ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«የቱ ጋ ነው?»

በጣቴ አሳየኋቸው። ጎንበስ ብለው አነበቡት። «ጎበዝ» አሉኝ። ከልባቸው ነበር። ያን ጊዜ እኔ ቀና ብዬ ላያቸው አቃተኝ።

መስከረም ላይ ራሳቸው ጠይቀው ወገዳ ከተማ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። ሳይሰናበቱኝ ሄዱ። ጥቅምት ላይ ቢሯችን ውስጥ አዲስ ፕሮግራም አልሠራ ብሎኝ አቀርቅሬ ስታገል፣ «ጋሼ፣ ይቺን እስኪ ይዩልኝ» አልኩ ጮክ ብዬ። አጠገቤ የሚሠሩት ተማሪዎቼ ቀና ብለው አዩኝ። የጋሼ ወንበር ላይ የጠመኔ ካርቶን ተቀምጦበት ነበር።