የቀላው የመዋኛ ገንዳ

ዛሬ ጠዋት ሸዋ ሮቢት በሚገኘው ቤታችን፣ አዲስ በሞላነው የመዋኛ ገንዳ ላይ ክሎሪን ስጨምር፣ ኩልል ብሎ የጠራው ውሃ ከእጄ ሥር ጀምሮ በዝግታ ቀላ።

ገንዳውን የሞላነው ጎረቤቶቻችን ጭምር ቀድተው ከሚጠጡበት ከግቢያችን ጉድጓድ ነው።

ውሃ ሊቀዱ የመጡት እትዬ ዘሃራ ጀሪካናቸውን አስቀመጡ። «አኡዙ ቢላህ። ጋሼ፣ ስንጠጣ የኖርነው ይህን ነው?»

በውሃው የሟሟው ብረት ክሎሪን ሲያገኘው እንደሚዝግና መርዝ እንዳልሆነ አስረዳሁ። (አስቀድሞ መመርመር ይገባኝ ነበር፤ የገዛሁት የውሃ መመርመሪያ እስካሁን ከነማሸጊያው ተቀምጧል።)

«እንግዲያው አንቱ ይቅመሱልን።»

ከጉድጓዱ ቀድቼ በፊታቸው ጠጣሁ። ለዓመታት የጠጣሁት ውሃ ዛሬ ደም ደም አለኝ።

እትዬ ዘሃራ ፊቴ መጨማደዱን አይተው ባዶ ጀሪካናቸውን አንሥተው ሄዱ።

ወዳጆቼ፣ የምታምኑት ውሃ እንዲህ ተለውጦባችሁ ያውቃል? ጎረቤቶቻችሁንስ በምን መልሳችሁ አሳመናችሁ?