«ይጥፋ?» ብላ የጻፈችው ሴት

ሰፈር ውስጥ የሚወራው እንዲህ ነው፤ ነጠላ ሰረዝ ታላቅ ወንድሟን በአንድ ቃል ከሥራው አፈናቀለችው። በእናታቸው ቤት ተጣልተው ነው አሉ። ቂም ቋጥራ ቆይታ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ክፉ ቃል ቀብራ፣ እስኪረግጠው ድረስ አድብታ ጠበቀችው። ዳቦ ወረፋ ላይ ሲጀመር ወሬው ይኼን ያህል ነበር። ልብስ ሰፊዋ ጋ ሲደርስ አንድ የውጭ አገር ሰው ተጨመረበት፤ ፀጉር ቤት ሲገባ ደግሞ ሰውዬው ቀለበት ልኮላታል ተባለ።

የእናታቸው ቤት የሚባለው አንድ ክፍል ነው፤ ክረምት ሲገባ ከውጭ ይልቅ ውስጥ ያዘንባል። ሁለቱ «አንተ ውሰደው»፣ «አንቺ ውሰጂው» ሲባባሉ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። የውጭ አገሩ ሰውዬም አለ፣ አልጠፋም፤ ግን ነጠላ ሰረዝን በዓይኑ አይቷት አያውቅም፣ ድምፅዋንም ሰምቶ አያውቅም። ቃሉ ብቻ እውነት ነው። ቃሉን እሷ ናት የጻፈችው።

ማተሚያ ቤት አራሚ ናት። ወረቀት መቁረጫው አጠገብ ባለች ጠረጴዛ፣ አንድ እግሩ በክር የታሰረ መነጽር አድርጋ፣ ቀይ እስክሪብቶ ይዛ የሰው ስህተት ስትለቅም ሃያ ሁለት ዓመቷ። ቅጽል ስሙን ያወጡላት የማሽን ክፍል ሰዎች ናቸው፤ አንድም ጎበጥ ስለምትል፣ አንድም ዓረፍተ ነገር አይታ ነጠላ ሰረዝ ሳታስገባ ማለፍ ስለማይሆንላት። አንድ ጊዜ የሰርግ መጥሪያ ላይ ሙሽራውንና ሙሽሪትን በነጠላ ሰረዝ ለየቻቸው። የሙሽራው እናት መጥሪያውን ይዛ መጣችና «ገና ሳይጋቡ ምን አድርገውሽ ነው የምታፋቻቸው?» አለቻት።

ወንድሟ፣ ጋሼ የምትለው፣ የትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። የተማሪ ውጤት መዝግቦ ያስቀምጣል፤ ማስረጃ ሲጠየቅ አውጥቶ ማኅተም ይመታል። እሷን ፊደል ያስቆጠራት እሱ ነው፣ በአሮጌ ፖስታ ጀርባ ላይ፣ አባታቸው በሞተ ዓመት። ኮምፒውተር መዝገብ ቤቱ ሲገባ ግን ጋሼ እንደ አዲስ ተማሪ ሆነ። ማሽኑ የሚናገረው በባዕድ ቋንቋ ነው።

«አንድ ነገር ይጠይቀኛል» ይላል፣ «ምን እንዳለ አይገባኝም። የማላውቀው ሰው መንገድ ላይ ሰላም ሲለኝ እንደማደርገው ነው፤ ፈገግ ብዬ አዎ እለዋለሁ።»

እሷ ሳቀች። ቤቷ ገብታ ግን ነገሩ አንጀቷን በላው። እሷን ፊደል ያስቆጠረ ሰው፣ ዕድሜውን ሙሉ ላልገባው ነገር አዎ ሲል ሊኖር ነው።

ማተሚያ ቤቱ የሚጠቀምበት ኦፐሬቲንግ ሲስተም በነጻ የሚታደል፣ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት ነበር። እሱን ኮምፒውተር ላይ የሚጭነው ፕሮግራም መጀመሪያ ላይ «ቋንቋ ይምረጡ» ይልና ስማቸውን ሰምታ የማታውቃቸውን ቋንቋዎች ሁሉ ይደረድራል። የእሷ የለም። ለአስተባባሪው ጻፈች፤ ያ ባለ ቀለበቱ ሰውዬ ማለት ነው። ሰውዬው ሁለት መስመር መልስና አንድ ሺህ አራት መቶ ዓረፍተ ነገር ላከላት።

ሁለት ዓመት የምሳ ሰዓቷን በላው። መጀመሪያ ሰሞን የመቶኛ ምልክትና አንዲት የፈረንጅ ፊደል ተጣብቀው ባየች ቁጥር የትየባ ስህተት እየመሰላት እንደ ልማዷ ታርማቸው ነበር። ለካ ፕሮግራሙ የዲስኩን ስም የሚሞላባቸው ክፍት ቦታዎች ናቸው። ሦስት መቶ ዓረፍተ ነገር አበላሽታ እንደገና ለቀመቻቸው።

ከሁሉም ያስቸገራት ግን አንድ ጥያቄ ነበር። ፕሮግራሙ ሥራውን ከመጀመሩ በፊት፣ ዲስኩ ላይ ያለው ነገር በሙሉ እንዲወገድ ይፈቀድ እንደሆነ ይጠይቃል። «ይሰረዝ?» ልትል ፈለገች፤ ግን «ሰርዝ» የሚለው ቃል ሥራውን ለሚያቆመው ቁልፍ ተሰጥቷል። ሰው ሰርዝን ሲጫን ሰረዘ ነው ወይስ መሰረዙን ሰረዘ? «ይደምሰስ?» አለች፤ የጦር ሜዳ መግለጫ መሰላት። «ይፋቅ?» ብላ የማሽን ክፍሉን ሰው ብትጠይቀው «ዲስክ ካሮት ነው እንዴ?» አላት። «አጥፋ» ብትል ሴቷን ረሳች፤ «አጥፊ» ብትል ስድብ ሆነ። በመጨረሻ ማንንም የማያዝ፣ ማንንም የማይሰድብ፣ እናት ልጇን የምታናግርበት ዓይነት ለስላሳ ቃል አገኘች።

«ይጥፋ?»

ከሥሩ ሁለት ቁልፎች፦ አዎ፣ አይ።

ደስ አላት። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ስህተት ያረመች ሴት፣ ያንን ቃል አራት ጊዜ አንብባ አራት ጊዜ አሳለፈችው።

ሥራው ያለቀ ጊዜ ፕሮግራሙን ፍላሽ ላይ አድርጋ ለጋሼ ሰጠችው። የመዝገብ ቤቱ ኮምፒውተር አርጅቶ ስለነበር የኮምፒውተር ጠጋኙ አዲስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሊጭንበት ቀጠሮ ይዟል፤ የድሮውን ሳይነካ ከጎኑ። ጋሼ የእህቴን ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ። ጠጋኙ መጣ፣ ጀመረለት፣ ቋንቋውን መረጠለት፣ ስልክ ተደወለለትና «እኔ ሳልመጣ ምንም እንዳይነኩ» ብሎ ወጣ። ጋሼ ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ የእህቱን ቃላት አንድ በአንድ ያነብ ጀመር። የመውጫው ደወል ተደወለ። ኮቱን ለበሰ፣ መስኮቱን ዘጋ። ዞር ሲል ማሽኑ በገዛ ቋንቋው፣ በትሕትና ይጠይቀዋል፦ ይጥፋ?

እንዴታ። ቀኑ አልቋል፤ ሰው ሁሉ መብራቱን እያጠፋ እየሄደ ነው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቶት አዎ አለ።

ከዚያ ደወለላት።

«እታለም፣ ጎበዝ ነሽ። ይጥፋ ወይ አለኝ፣ አዎ አልኩት። አሁን ግን አልጠፋም፣ ቁጥር ይቆጥራል።»

እሷ ከመቀመጫዋ ተነሳች። «ምን ይላል፣ ጋሼ? አንብብልኝ።»

«አርባ ሁለት በመቶ።»

«ንቀለው። አሁኑኑ ከሶኬቱ ንቀለው።»

«እንዴት አድርጌ?» አለ በእርጋታ። «እዚህ ታች እኮ ‹እባክዎ ኮምፒውተሩን አይንቀሉ› ይላል። አንቺ ነሽ የጻፍሽው።»

የአሥራ አንድ ዓመት የተማሪ ውጤት ነበር። የወረቀቱ መዝገብ ኮምፒውተሩ ሲመጣ ቦታ አጣበበ ተብሎ ተወግዷል። መጠባበቂያ ቅጂ አለ፤ ጋሼ እዚያው ዲስክ ላይ «መጠባበቂያ» የሚል ስም ሰጥቶ አስቀምጦታል፣ ትርፍ ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን ቆልፎ እንደሚወጣ ሰው። ጠጋኙ ሦስት ቀን ታገለና ራሱን ነቀነቀ። ጋሼ ጡረታ ሊወጣ ሦስት ዓመት ቀርቶታል። ትምህርት ቤቱ ከሥራ አግዶት ጉዳዩን ለኮሚቴ መራው።

ነጠላ ሰረዝ ለአስተባባሪው ጻፈች፤ ቃሉ ይቀየርልኝ፣ ሰው ያጠፋል አለች። ጽሑፉ ተቆልፏል፣ የሚከፈተው ለሚቀጥለው እትም ነው፣ ከዓመት ተኩል በኋላ፣ ስላገለገሉን እናመሰግናለን ብሎ መለሰላት። ስለዚህ ቃሏ በየሰዉ ኮምፒውተር በር እያንኳኳ ሊዞር ነው፤ እሷ ግን መልሳ ልትይዘው አትችልም። 

የቀድሞ ተማሪዎችን ቤት ለቤት ትዞር ጀመር፣ የድሮ የውጤት ካርድ ልትለምን። አንዷ እናት የልጇን ካርድ መሳቢያ ውስጥ አንጥፋው ነበር፣ ሹካና ማንኪያ ተደርድሮበት። አንዱ አባት ካርዱን በበሩ ክፍተት እያቀበላት «ልጄ ሒሳብ ላይ ሃምሳ ሁለት ነበረው፤ እንግዲህ ከጠፋ አይቀር ሰማንያ አድርጊለት» አላት። በአምስት ሳምንት ከአራት ሺህ ተማሪ የሁለት መቶ አሥራ ሰባቱን አገኘች። የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጋ ጋሼ ቤት ሄደች።

የወንድሟ ሚስት በሩን ከፈተችላት። ድሮ «አንቺ ልጅ ግቢ እንጂ» የምትላት ሴት ናት።

«ይግቡ» አለቻት። «ይቀመጡ።»

ነጠላ ሰረዝ ፊቷ ላይ በር የተዘጋባት መሰላት። አንድ ሺህ አራት መቶውን ዓረፍተ ነገር በሙሉ በእንደዚህ ያለ አክብሮት ነበር የጻፈችው፤ እንዲህ እንደሚቀዘቅዝ አላወቀችም።

ጋሼ ጠረጴዛ ላይ ተጎንብሶ ለኮሚቴው ቃሉን ይጽፋል።

«ጋሼ፣ እኔ ልየው። አራሚ አይደለሁ?»

«ተዪው፣ እታለም።» ቀና አላለም። «አንድ መስመር ናት። የአንድ መስመር ስህተት አይጎዳም።»

«ቃሉን የጻፈችው እህቴ ናት ብለህ ጻፍ። እሷን ጠይቁ በላቸው።»

«እሱን አልጽፍም።»

«ለምን?»

«አንቺም ሥራ አለሽ» አለና ወረቀቱን አጠፈው።

ሚስቱ ከወጥ ቤት «ይጻፍ እንጂ ምናለበት» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለድስቱ። ከረጢቱን ማንም አልከፈተውም።

ኮሚቴው የተሰበሰበ ቀን ነጠላ ሰረዝ ሳትጠራ ሄደች። ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር በመምህራን ክፍል መብራት በርቷል። ርዕሰ መምህሩ፣ አንዲት የሒሳብ አስተማሪና የሠራተኛው ተወካይ ተቀምጠዋል። ጋሼ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ነው፤ ስታልፍ ቀሚሷን ያዝ አድርጎ «ተመለሺ» አላት። አልተመለሰችም።

ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ወንበር ሳበላትና የጋሼን ወረቀት አነበበላት። «ይጥፋ ወይ ሲለኝ፣ መውጫ ሰዓት ስለነበረ አጥፍቻለሁ።» ከሥሩ ፊርማ።

«እንግዲህ እኛ ምን እናድርግ?» አለ። «ሰውዬው በእጁ አጥፍቻለሁ ብሏል። ማንም አላስገደደው። ጥፋቱን አምኗል፤ ውሳኔውም ተጽፏል፣ ከዛሬ ጀምሮ ተሰናብቷል።»

«አጥፍቻለሁ ያለው ጥፋት ሠራሁ ማለቱ አይደለም» አለች ነጠላ ሰረዝ።  «ማሽኑን ማለቱ ነው። እንደ መብራት።»

«ታዲያ ዘጋሁት አይልም?» አለች የሒሳብ አስተማሪዋ።

«እርስዎ መብራት ዘጋሁ ይላሉ?»

 ተወካዩ ሳቁን ዋጠ።

«ቃሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች ነጠላ ሰረዝ። «እኔ ይወገድ ወይ ብዬ ነው የጠየቅኩት፤ እሱ ይዘጋ ወይ ያልኩት መሰለው። እናንተ ደግሞ በደልኩ ያለ መሰላችሁ። አንድ ቃል ነው፣ ሦስት ቦታ ቆሟል። ሥራ የሚከለከል ካለ እኔ ነኝ፤ እሱ ፊደል ከማስቆጠር ሌላ ምንም አላደረገኝም።»

ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። «እህቴ፣ እንደ ወንድም ልንገርሽ። ሐዘንሽ ይገባኛል። ግን ኃላፊነት ላይ ያለ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣበት ቆም ይላል። ምኑ ይጥፋ፣ ለምን ይጥፋ ብሎ ይጠይቃል። እኔ ብሆን እጠይቅ ነበር። ዝም ብሎ አዎ አይባልም።»

ሦስቱም ተነሱ። ወንበሮች ተንኳኩ። ርዕሰ መምህሩ ወረቀቶቹን ፋይል ውስጥ እየከተተ፣ በሌላ እጁ ኪሱ ውስጥ ቁልፉን ይፈልጋል። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ላይ ብቅ አለች፣ እጇ ግድግዳው ላይ።

«ይጥፋ?» አለች።

«አዎ» አለ ርዕሰ መምህሩ፣ ቀና ሳይል።

ክፍሉ ጨለም አለ። ነጠላ ሰረዝ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም።

«ጋሼም ያለው ይኼንኑ ነው» አለች።