አያልነሽ በየመስከረሙ የምታሰጣው ልብስ

እኔ ማንጠግቦሽ ምላሴ የማያርፍ ሴት መሆኔን የመንዙ ሞላሌ በሙሉ ይመሰክራል። የመጣልኝን ፊት ለፊት ነው የምናገረው፤ የተቀየመም ይቀየም። ይሄን ስለሚያውቁ ይመስለኛል፣ በሰፈራችን ለሴት መርዶ ሲኖር በማለዳ መጥተው የሚቀሰቅሱት እኔን ነው። ስንቷን አርድቻለሁ! የባሏን፣ የልጇን፣ የእናቷን። አንዷን ብቻ፣ ጎረቤቴን አያልነሽን፣ ስምንት ዓመት ሙሉ ማርዳት አቃተኝ።

አያልነሽን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። ለእናቷ አንድ ናት። እናቷ የሞቱ ጊዜ ለቅሶ የተቀመጠችው ለብቻዋ ነበር። «ወንድም የለኝ፣ እህት የለኝ፣ የማንን እጅ ልያዝ?» እያለች አለቀሰች። በኋላ ይታየውን አገባች። ይታየው ደህና ገበሬ ነው፤ ገብሱም በጉም ሞልቶለታል። ልጅ ግን ስድስት ዓመት ዘገየባቸው። ያረገዘች ለት ደጄ ላይ ቆማ እልል ያለችውን አልረሳም፤ «እኔስ ብቻዬን ነኝ፤ የኔ ልጆች ግን ቢያንስ ሁለት ይሆናሉ» ነበር ያለችኝ።

ምጡ የመጣባት የጋራ መሬታችን ጓሳ ለሳር አጨዳ በተከፈተበት ሳምንት ነው። ጓሳ ደግሞ ዝም ብሎ የሚገባበት መሬት አይደለም። ዘመን ተጠብቆ፣ ይታጨድ ሲባል ወንድ የተባለ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል፤ ያን ጊዜ የቀረ ሰው ቤቱን ሳይከድን ክረምት ይገባበታል። ይታየውም ወጣ። እዚያ ላይ ኔትወርክ የለ፣ ስልኩ አይጠራ። ስለዚህ አምቡላንሱ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።

ሆስፒታል ስንደርስ ልጅቷ በኦፕራሲዮን በሰላም ተወለደች። ደሙ ግን አልቆም አለ። ዶክተሩ ወጥቶ «ማህፀኗ ካልወጣ አትተርፍም። ማነው የሚፈርምላት?» አለኝ። ግራ ቀኜን አየሁ። ማን አለ? ወንዱ ሁሉ ጓሳ ነው። አሻራዬን አስቀመጥኩ። ቀለሙ ከአውራ ጣቴ ሦስት ቀን አልለቀቀም።

ስትነቃ ነርሷ ልትነግራት ስትል እጇን ያዝኳት። «እባክሽ እህቴ፣ በኛ አገር ለአራስ መርዶ አይነገርም። ወተቷ ይደርቃል። እኔ ራሴ እነግራታለሁ» አልኳት። እውነቴን ነበር። ልጅቷ ክርስትና እስክትነሣ፣ ሰማንያ ቀን ብቻ ልታገሥ ብዬ ነው። ነርሷም ከልቧ፣ «አደራ፣ እንዳትረሺ» አለችኝ። ምኑን እረሳዋለሁ! የሆዷን ስፌት አያልነሽ ልጅ የወጣበት ነው ብላ ተቀበለችው።

ሰማንያ ቀኑ ሞላ፤ ሰብለወንጌል ክርስትና ተነሣች። በድግስ ላይ መርዶ ይነገራል እንዴ? ክረምቱ ይለፍ አልኩ። ክረምቱ ሲያልፍ አያልነሽ ለልጅቷ የጠበባትን ልብስ አጥባ፣ በመሃል በመሃሉ ብል እንዳይገባበት አሪቲ አድርጋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ቢጫ ሹራብ፣ ሁለት ቆብ፣ የክርስትናዋ ነጭ ቀሚስ፣ ይታየው ከገዛ በጎቹ ጠጉር ያሠራላት፣ ማታ የምትለብሰው ትንሽዬ ባና። «ይሄ ለሰብሌ ወንድም ነው» አለችኝ እየሳቀች። አፌን ከፈትኩ። «አሪቲው አነሰ፣ ጨምሪበት» ብዬ ዘጋሁት። አይ የኔ ነገር! ሳይቃጠል በቅጠል ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ በየመስከረሙ ሳጥኑን ትከፍትና ልብሱን ግቢዋ ካብ ላይ ታሰጣዋለች። «ለቸገረው ብትሰጪው ምናለ?» ያላት ጎረቤት ጠፍቶ አይደለም። አማቷ እማማ ጥሩሸዋ ግን አይሰሙም። «ልጁ ሳይመጣ ልብሱ ከቤት ከወጣ፣ ልጁም በዚያው ይቀራል» ይላሉ። የወር አበባዋ መቅረቱንም «ማህፀኗ ብርድ ገብቶበት ነው» ብለው በየዓመቱ ጸበል ይልኳታል። ክፉ ሴት አይደሉም፤ ለዚህ ልጅ ብለው ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ተስለዋል። አያልነሽ በዚያ በመንዝ ብርድ፣ በባዶ ሆዷ ስትጠመቅ አጠገቧ የምቆመው እኔ ነኝ፣ ፎጣ ይዤ። ይታያችኋል? ማህፀኗ እንደሌለ እያወቅኩ፣ ፎጣ ይዤ!

ለምን አልተናገርሽም ትሉኝ ይሆናል። ፈራኋ! ይታየው ቢፈታትስ? አማቷ ሌላ ሴት ቢያመጡበትስ? «ማን ፈርሚ አለሽ?» ብትለኝስ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔው ግን እያደር ጠቆረ። በአንደኛው ዓመት ከባድ የነበረው በአምስተኛው ዓመት የማይቻል ሆነ።

ዘንድሮ ሳጥኑ ሲከፈት ባናውን ብል በልቶት ተገኘ፤ ወንፊት ሆኗል። ጩኸቷን ስሰማ ሰው የሞተ መስሎኝ ነጠላዬን እንኳ ሳላደርግ ሮጥኩ። ባናውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ቀዳዳውን በጣቷ እየነካካች ታለቅሳለች። በማግስቱ ግን የተነደፈ የበግ ጠጉር በሰፌድ ይዛ እኔ ቤት መጣች። የምተዳደረው ጠጉር ፈትዬ ነውና።

«ማንጤ፣ ቀጭን አድርገሽ ፍተዪልኝ፤ ሌላ ባና አሠራለታለሁ። ዘንድሮ ጸበሉ አያሳፍረኝም፣ ሕልም አይቻለሁ» አለችኝ።

እሺ አልኩ። እንዝርቱን አሾርኩት፤ ክሩ ተበጠሰ። ቀጠልኩት፤ ተበጠሰ። ሠላሳ ዓመት ስፈትል እጄ እንዲህ ከድቶኝ አያውቅም። ሦስት ቀን ታገልኩና በአራተኛው ማለዳ ሰፌዱን እንዳለ አንሥቼ ሄድኩ። መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። አያልነሽ የቀረውን ልብስ ልታሰጣ ሳጥኑን ወደ ግቢው አውጥታ ነበር። ሰብሌ ትምህርት ቤት ሄዳለች፤ ይታየው እርሻ ላይ ነው።

«አያልዬ፣ እስቲ ተቀመጪ» አልኳት።

«ምነው? ማን ሞተ?» አለች ክው ብላ። ያን ድምፄን ታውቀዋለች፤ የእናቷንም ያረዳኋት እኔ ነኝ።

ነገርኳት። ደሙን፣ ዶክተሩን፣ አሻራዬን፣ ነርሷን፣ ስምንቱን ዓመት፣ ሳልቀንስ። ትጮኻለች ብዬ አፏን በነጠላዬ ልይዝ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸችም። ሆዷን በሁለት መዳፏ ያዘች።

«እንግዲያ ሰብሌም ብቻዋን ናት» አለች በመጨረሻ።

«አዎ።»

«እንደ እኔ።»

እግሯ ላይ ወድቄ ይቅር በይኝ አልኳት። አላነሣችኝም፣ አልገፋችኝምም። ብትረግጠኝ ይሻለኝ ነበር።

«ይታየው ያውቃል?» አለችኝ።

«እኔና አንቺ ብቻ ነን የምናውቀው።»

እማማ ጥሩሸዋ ምርኩዛቸውን ይዘው ከማዶ ቤታቸው በር ላይ ብቅ ያሉት ያኔ ነው። «አያልነሽ! ምን ትጠብቂያለሽ ልጄ? ፀሐዩ ወጣ እኮ! አስጪው እንጂ፣ የቀረውንም ብል ይብላው?» ብለው ተጣሩ።

አያልነሽ ቀና ብላ እሳቸውን አየች፣ ከዚያ እኔን። ልትናገር አፏን ከፈተች። ሰውነቴ ሁሉ ጆሮ ሆነ።

«እሺ እማማ፣ ይኸው አሁን ላሰጣው ነው» አለች።

ተነሥታ ቢጫውን ሹራብ ካቡ ላይ ዘረጋችው፤ እጅጌዎቹን ቀና ቀና አደረገቻቸው። ከዚያ ቆቦቹን። የክርስትናውን ቀሚስ አንዱን ጫፍ ለኔ አቀበለችኝና ሁለታችን ይዘን ዘረጋነው። እማማ ጥሩሸዋ ከማዶ ሆነው በደስታ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ጠጉሩን ይዘሽው ሂጂ» አለችኝ ሳታየኝ። «ባናው የታለ ብለው ይጠይቁኛል።»

ይኸው እየፈተልኩላት ነው።