የሥራነሽ ቀኝ ጆሮ

ሥራነሽ በልጅነቷ በያዛት ሕመም የግራ ጆሮዋን አጥታለች። ቀኙ ይሰማል፤ ግን የተናጋሪውን ከንፈር ካላየች ግማሹ ያመልጣታል። ይህን ችግሯን ይዛ ነው በ2002 ዓ.ም. ከዲማ ተነሥታ ደብረ ማርቆስ አንድ የጤና ኮሌጅ የገባችው፤ አዋላጅ ነርስ ልትሆን። «ደንቆሮ አዋላጅ» እንዳትባል ፈርታ ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ያወቀባት መምህር አለበል ነው። እሱ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሲያወራ የእሷ እስክሪብቶ ቀጥ እንደሚል አየ። አንድ ቀን ከክፍል አስቀርቶ፣

«ሥራነሽ፣ ጆሮሽ ነው?» አላት።

ካደች። አልተቆጣትም፤ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። በመጨረሻ እንባዋ ቀደማትና ሁሉንም ዘረገፈችለት።

«አይዞሽ፤ በእኔና በአንቺ መካከል ይቀራል» አላት።

ከዚያ ወዲያ ጀርባውን ሰጥቶ አስተምሮ አያውቅም። አዲስ ቃል ሲመጣ አስቀድሞ ይጽፋል፤ ከዚያ ዞሮ ይናገራል። አሠራሩን በእጁ ያሳይና ተማሪዎቹን ተራ በተራ ያስደግማል። ለእሷ ብሎ የጀመረው ለሌላውም ተረፈ፤ እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው የገጠር ልጆች ሳይቀሩ ውጤታቸው ተሻሻለ። አንድ ቅዳሜ ደግሞ ማዋለጃ ክፍል ወስዶ በአንዲት ነፍሰ ጡር ሆድ ላይ ማዳመጫ አስደግፎ የጽንሱን የልብ ምት በቀኝ ጆሮዋ አስቆጠራት።

«አንድ መቶ ሠላሳ ስምንት» አለች።

እሱም በተራው ቆጠረ። የእሱ በሁለት ብቻ በለጠ። የዚያን ቀን ሳቁ ከእሷ ሳቅ ይበልጥ ነበር።

የሆስፒታል ልምምድ ምደባ ሲለጠፍ ግን ስሟ የለም። ቢሮ ሄዳ ብትጠይቅ ጸሐፊዋ ፋይሏን ገልጣ አንድ ደብዳቤ አሳየቻት። «የመስማት ችግር ስላለባት የጽንስ የልብ ምት ማዳመጥ አትችልም፤ ለእናቶች አደጋ ናት» ይላል። ከታች የአለበል ፊርማ አለ።

መምህራን ክፍል ደጃፍ ላይ አገኘችው።

«መምህር፣ እርስዎ ራስዎ አብረውኝ ቆጥረው የለም?»

መሬት መሬቱን አየ። «የኮሌጁ ዲን ስላንቺ ወሬ ሰምቶ ጠየቀኝ። አንዲት እናት ብትሞት ተጠያቂው አንተ ነህ አለኝ። እኔም የልጆች አባት ነኝ፣ ሥራነሽ።»

«ትችላለች ብለው መጻፍ አቅቶዎት ነው?»

በሩን ከፍቶ ገባ።

የማያውቃት ሰው ጽፎት ቢሆን በቀለላት። ገመናዋን ያሳየችው ለእሱ ብቻ ነበር። በኋላ ግን አቤቱታ ጻፈች። የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ሰገነት «በወሬ አይሆንም፤ እፊቴ ትፈተን» ብላ ተከራከረችላት። አምስት እናቶች ላይ ተፈተነች፤ አንዱንም አልሳተችም። ይህ እስኪሆን አራት ወር አልፎ ጓደኞቿ ልምምዳቸውን ጨርሰዋል። የሚቀጥለውን ዓመት ምደባ ጠብቃ ከእሷ በታች ከነበሩት ተማሪዎች ጋር ልምምድ ገባች።

በተመረቀች ቀን አለበል በሕዝቡ መሐል አልፎ መጣና እጁን ዘረጋላት።

«አልተቀየምሽኝም አይደል?»

ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ጨበጠችው።

«ተቀይሜያለሁ፣ መምህር። እንደ እርስዎ ያስተማረኝ የለም፤ ግን ተቀይሜያለሁ።»

ከዚያ እናቷ ወደቆመችበት ሄደች።