ቦይ ውስጥ የፈሰሰው መረቅ

ሾላ ገበያ ቅመም ተራ ስገባ፣ ኮረሪማ ከሚፈለፍሉት ሴቶች አጠገብ ስደርስ፣ አንድ የቆየ ሽታ ድንገት ይመጣብኛል፤ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት ከጠዋት ጀምሮ ከሰል ላይ ሲንተከተክ የዋለ የቅልጥም መረቅ ሽታ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ምራቁን ይውጥ ይሆናል፤ እኔ ግን ያ ሽታ ሲመጣብኝ ቀና ብዬ የማንንም ዓይን ማየት አልፈልግም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው የካ ውስጥ፣ ወደ እንጦጦ የሚያወጣው ዳገት ከሚጀምርበት አካባቢ፣ ከእትዬ ዘሃራ ጋር በምንጋራው ግቢ ነበር። እትዬ ዘሃራ ከወሎ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ሾላ ቅመም እየሸጠች የምትኖር ሙስሊም ሴት ነበረች። በእኛ በዓል እናቴ ድፎ ዳቦ ትልክላት ነበር፣ በኢድ ደግሞ እሷ ቴምርና ብስኩት ትልክልን ነበር፤ ሥጋ ግን ከቤት ወደ ቤት አያልፍም ነበር። እኛ የምንበላው የክርስቲያን እርድ፣ እሷም የሙስሊም እርድ ብቻ ነበር፤ ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ ሳያስተምረኝ አውቀው ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል አባቴ የታላቅ እህቱን የእቴቴ አስካለን ጣሪያ ሊጠግን እንጦጦ ማርያም አጠገብ ወዳለው ቤቷ ወጣና፣ ርጥብ ቆርቆሮ አንሸራትቶት ወደቀ፤ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ። ጀሶ ታስሮለት ቤት ተኛ። የሹፌርነት ሥራው ቆመ፤ ከዚያ ሁሉ የባሰው ግን ምግብ እምቢ ማለቱ ነበር፤ እናቴ ያቀረበችለትን ሁለቴ ጎርሶ ትሪውን ይገፋው ነበር።

አንድ ቀን እትዬ ዘሃራ ደጃፋችን ላይ ቆማ እናቴን «አጥንቱን ከራሳችሁ ሥጋ ቤት ግዢ፤ ድስቱም ያንቺ ይሁን። የእናቴን መረቅ እኔ እሠራለታለሁ። እናቴ አራሱንም፣ ስብራቱንም በዚህ ነበር የምታነሳው» አለቻት።

ሐምሌን ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲህ ሆነ። እናቴ የተሰነጠቀውን ቅልጥም አጥባ ትጥዳለች፤ እትዬ ዘሃራ በርጩማ ስባ ከምድጃው አጠገብ ትቀመጥና አረፋውን በጭልፋ እየገፈፈች፣ እሳቱን እየቀነሰች ታበስላለች። ከድስቱ መቅመስ ስለማይሆንላት እኔን አጠገቧ ታስቀምጠኝ ነበር። «እኔ በአፍንጫዬ ነው የምቀምሰው፤ ጨውን ግን አፍንጫ አያውቀውም። በይ ምስራቅ፣ ምላሴ አንቺ ነሽ» ትልና ማንኪያውን ታቀብለኝ ነበር። አባቴ ያን መረቅ በሁለት እጁ ይዞ፣ እፍ እያለ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ይጨርሰው ጀመር፤ የከሳው ፊቱም እያደር ተመለሰ።

ይህ ደስ ያላላት እቴቴ ብቻ ነበረች። ወንድሟ የወደቀው ከእሷ ጣሪያ ላይ በመሆኑ ሰው ሁሉ በልቡ የሚከሳት ይመስላት እንደነበር ዛሬ ይገባኛል፤ ያኔ ግን የማየው እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ መጥታ ከቅዳሜ የተረፈውን ድስት ስትከፍት፣ ስታሸት፣ መልሳ ስትከድን ነበር። አንድ እሁድ ወደ እንጨት ክምሩ ጎተተችኝና «አንቺ ልጅ፣ ያቺ ሴትዮ ገበያዋን ትታ በነጻ የምትደክመው ምን ልሁን ብላ ነው? እናትሽ እንደሆነች የዋህ ናት። ዓይንሽን ከእጇ ላይ እንዳትነቅዪ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ የምጠጣው መረቅ ያው ሆኖ ሳለ እኔ ሌላ ሰው ሆንኩ። ሻርፗን ስታስተካክል እጠረጥር ነበር፤ ክዳኑን ዘግየት አድርጋ ስትመልስ እጠረጥር ነበር፤ ሁልጊዜ እንደምታደርገው «ውሃ ቅጂልኝ» ብላ ስትልከኝ እንኳ ለምን አሁን እል ነበር።

የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ እናቴ ለቅሶ ሄዳ ሁለታችን ብቻ ነበርን። እትዬ ዘሃራ እንደ ልማዷ ውሃ ላከችኝ፤ እኔም ወጥቼ ጆጎውን መሬት ላይ አስቀመጥኩና በበሩ ስንጥቅ አጮለቅኩ። ግራ ቀኝ አየች፣ ከጉያዋ ጭብጥ የሚሞላ ነጭ ነገር አወጣች፣ ድስቱ ውስጥ ቀስ ብላ ለቀቀችው፣ ከደነችው። ቀትር ላይ ሌላ ሰበብ ፈጥራ አስወጣችኝ፤ አሁንም በስንጥቁ አየኋት፤ ያን ነጭ ነገር እያንጠባጠበ አወጣችውና በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ያየሁትን ለእቴቴ ነገርኳት።

«ነጭ? አጥንት ነዋ! የራሷን እርድ አጥንት ነው የከተተችው፤ አይደል?» አለችኝ።

አጥንት መሆኑን አላየሁም። ነገር ግን ዓይኗ በራ፤ እንደ ትልቅ ሰው ጎንበስ ብላ አዳመጠችኝ፤ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ።

እቴቴ የተረፈውን መረቅ ከነድስቱ አንስታ፣ ዝናቡን ሳትፈራ ወጥታ፣ በእትዬ ዘሃራ ደጃፍ በሚያልፈው ቦይ ውስጥ ደፋችው። እትዬ ዘሃራ ድምፅ ሰምታ ወጣች።

«ወይዘሮ አስካለ፣ ምን ነካዎት?»

«የራስሽን አጥንት ቀላቅለሽ ወንድሜን ከሃይማኖቱ ልታወጪው? ልጅቷ በዓይኗ አይታሻለች!»

እትዬ ዘሃራ እኔን አየችኝ፤ እኔ ቦይ ውስጥ የቀሩትን አጥንቶች አየሁ። ገብታ በሯን ዘጋች። እናቴ ከውስጥ ሮጣ ደርሳ ትከሻዬን ያዘችና «በዓይንሽ አይተሻል?» አለችኝ። «አዎ» አልኩ።

ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታ ተያዘ። «ታማሚ ነህና የነፍስ አባትህን አስፈቅድ» ቢባል አባቴ አሻፈረኝ አለ፤ በሽሮና በጎመን ከረመ፤ ሸሚዙ ሰፋው። እትዬ ዘሃራ ለእናቴ ሰላምታ በግማሽ አፏ ሰጥታ ታልፍ ነበር። እኔ ኮቴዋን ስሰማ ጓዳ እገባ ነበር።

ጾሙ ሲፈታ እናቴ ቅልጥም ገዝታ ራሷ ሞከረችው። ቅመሙን ወቅጣ እንዳለ ጨመረችበት፤ መረቁ ጠቆረ፣ መረረ፣ ጉሮሮ የሚይዝ አተላ ሆነ። አባቴ አንዴ ተጎንጭቶ አስቀመጠው። እናቴ በወንፊት እያጠለለች፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ «የሷ እንዴት ይጠራ ነበር! ቅመሙን ምን ታደርገዋለች?» አለች።

«ቋጥራ ነዋ! በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ትከተዋለች፣ ሲበስል ታወጣዋለች» አልኩ፤ አፌ ቀድሞኝ፤ ራሴም የገባኝ ከአፌ ሲወጣ ነበር።

የእናቴ እጅ ቆመ። «አጥንት ነው አላልሽም?»

ይመታኛል ብዬ የጠበቅኩት እጇ ነጠላዋን አነሳ፤ በሌላው ጎተተችኝና እትዬ ዘሃራ በር ላይ አቆመችኝ። ያልኩትን፣ ያላየሁትንም፣ እያለቀስኩ ነገርኳት። እናቴ ልትንበረከክ ስትል እትዬ ዘሃራ ክንዷን ያዘቻት።

«ተነሽ። እኔስ ንጹሕ ነኝ? ያን ቅመም እናቴ ለማንም እንዳላሳይ አስምላ ነው የሰጠችኝ፤ እንጀራዬም እሱ ነው። አይታችሁ ለገበያ ብታወጡብኝስ ብዬ፣ እናንተን ጠርጥሬ ነው የደበቅኩት» አለች። ሁለቱም ሴቶች አለቀሱ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መጣች። በርጩማው ላይ ተቀምጣ፣ ጨርቁን ጉልበቷ ላይ ፈትታ፣ ኮረሪማውን፣ ቁንዶ በርበሬውን፣ ቅርንፉዱን፣ ጥቁር አዝሙዱን በየስማቸው እየጠራች አሳየች። እናቴ ፊቷን አዙራ «ተይ ዘሃራ፣ በእግዜር፣ አታሳዪኝ» እያለች ለመነቻት። እሷ ግን ጨረሰች፣ መልሳ ቋጠረች፣ ድስቱ ውስጥ ከተተች። ጨው የሚቀመስበት ሰዓት ሲደርስ ማንኪያው በራሴ ላይ አልፎ ወደ እናቴ ሄደ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ እኔ ተመልሶ አያውቅም።

አባቴ ለመስቀል በምርኩዝ ደመራ ወጣ። እቴቴ ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፏ ሳይወጣ፣ አንድ ጠዋት አንድ ሸክም ደረቅ የባሕር ዛፍ ጭራሮ አምጥታ እትዬ ዘሃራ በር ላይ አራግፋ ሄደች። እትዬ ዘሃራም አነደደችው።

ያ ግቢ ፈርሷል፤ እትዬ ዘሃራ ወሎ ያለው ልጇ ዘንድ ሄዳ እዚያው አረፈች። እኔ ዛሬ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፤ ማን ምን እንደጣደ ማንም አያውቅም፣ አይጠይቅምም። ባለፈው ክረምት ልጄ ጉንፋን ይዟት ሰነበተች፤ ከፊት ለፊታችን ያለችው ሴት በሬን አንኳኩታ «ስታስል እየሰማሁ ነው» ብላ በፔርሙዝ አጥሚት ሰጠችኝ። አመስግኜ በሩን ከዘጋሁ በኋላ ክዳኑን ከፍቼ ቆምኩ፤ ማን ናት፣ ምን አስባ ነው፣ ምን ጨምራበት ይሆን እያልኩ። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ጆሮዬ ላይ የሚያንሾካሹክ ትልቅ ሰውም ነበረ። አሁን የምጠረጥረው እኔው ብቻዬን ነኝ።

ለልጄ ቀዳሁላት፤ ጠጥታ «ጨምሪልኝ» አለችኝ። ፔርሙዙን አጥቤ ስመልስ፣ በር ለበር ሁለት ዓመት ስንኖር ጠይቄያት የማላውቀውን ስሟን ጠየቅኳት።