ጠበል ውስጥ ያነበብኩት ግጥም

በደርግ ጊዜ በፍኖተ ሰላም የቀበሌያችን ኪነት ቡድን ገጣሚ ነበርኩ። ግጥም ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ስለዚህ ያረመኝም አልነበረም። አንዳንዴ ልቤ ድንገት እንደ ደነበረ ፈረስ ይጋልብና ዓይኔ ይጨልማል። እኔም «የባለቅኔ ልብ እንዲህ ነው» እያልኩ እኮራ ነበር።

አንድ በዓል ላይ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ ልቤ ተነሳብኝና መድረኩ ላይ ተዘረርኩ። ሰዉ የግጥሙ ክፍል መስሎት አዳራሹ እስኪናጋ አጨበጨበ። የቡድኑ መሪ ግን አልተሸወደም። «ሁለተኛ ብትወድቅ ሌላ ሰው ነው የምናወጣ» አለኝ። ሞት ይሻለኝ ነበር።

እናቴ ቡሬ አጠገብ ካለ ጠበል ወሰደችኝ። ዳገቱን ስንወጣ ልቤ መጋለብ ጀመረ። ቄሱ ልብሴን አስወልቀው ከፏፏቴው ሥር አቆሙኝ። ያ በረዶ የመሰለ ውሃ ፊቴን ሲመታው ትንፋሼ ቀጥ፣ ልቤም ቀጥ አለ፤ ከዚያ ምንም እንዳልነበረ በእርጋታ መምታቱን ቀጠለ።

ዳንኩ። ግን ጠበል ቦታ ዝም ብሎ መዳን የለም። የያዘህ መንፈስ መለፍለፍ፣ ማንነቱን መናገር፣ እወጣለሁ ብሎ መማል አለበት።

«ተናገር! ማን ነህ?» አሉ ቄሱ በመስቀል እየዳበሱኝ።

«ደኅና ነኝ አባ፤ ለቆኛል።»

«ውሸቱን ነው፤ ተደብቆ ነው!» አሉ ተራቸውን የሚጠብቁ አንዲት አሮጊት።

ውሃው ተጨመረልኝ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ የምለፈልፈው ባጣ፣ በቃሌ የማውቀውን ግጥሜን ከርዕሱ ጀምሬ ለቀቅሁት። ስለ ትራክተር ነበር፤ ትራክተር ደግሞ ያየሁት በሥዕል ብቻ ነው።

ሰዉ እልል አለ። ሁለተኛውን አንጓ ስጀምር ግን አሮጊቷ አልቻሉም። «ኧረ አባ፣ ቶሎ ያስወጡት! ስንት ጋኔን ሲለፈልፍ ሰምቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አሰልቺ ግን አልገጠመኝም!»

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

ስንመለስ ጤና ጣቢያ ገባሁ። ድሬሰሩ ደረቴን አዳምጦ የልቤ ምት እንደሚዛባ ነገረኝ፤ ክኒን ሰጠኝና «ሲነሳብህ ትንፋሽህን ይዘህ ፊትህን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከር» አለኝ።

«ታዲያ ጠበሉስ?»

«ጠበሉም ቀዝቃዛ ነው።»

ለሚቀጥለው በዓል ስሜ ሲጠራ ልቤ ተነሳ። ከመጋረጃው ጀርባ ካለው የውሃ በርሜል ውስጥ ትንፋሼን ይዤ ጭንቅላቴን ነከርኩና፣ ሲረጋልኝ፣ ውሃ እየተንጠባጠብኩ ወጣሁ። ትራክተሬን እስከ መጨረሻው ስንኝ ድረስ ቆሜ አነበብኩት።

ጭብጨባው የወደቅሁ ዕለት ከነበረው እጅግ ያነሰ ነበር።