የእናቴን ሽፋሽፍት ስነቅል

የእናቴን የቀኝ ዓይን ከራሴ ፊት ይልቅ አውቀዋለሁ። በላይኛው ቆብ፣ ከጆሮዋ በኩል ሲጀመር፣ ሦስት ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ የታጠፉ ነበሩ። ከዚያ ጥቂት ደህናዎች ይከተላሉ፤ መሐል ላይ ደግሞ አራት የተደረደሩ አሉ፤ ከአራቱ ሁለቱ ሸብተዋል። የሸበቱት ያስቸግራሉ። ፀሐይ በጎን ካልመታቸው አይታዩም።

ይህን ያወቅሁት በአሥራ አንድ ወይም በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ያደግሁባት መንደር ከአርብ ገበያ በእግር ሁለት ሰዓት ትርቃለች። ያኔ የዓይን ማዝ ያልገባበት ቤት አልነበረም። ልጆች ሆነን ዓይናችን ይቀላል፣ ይሻለዋል፣ ተመልሶ ይቀላል። ሕመሙ ዓመት ከዓመት ሲደጋገም፣ በተለይ ሴቶች ላይ፣ የዓይኑ ቆብ ወደ ውስጥ ይጠቀለልና ፀጉሩ ብሌኑን ይወጋዋል። ዓይናቸውን በጨፈኑና በገለጡ ቁጥር ይወጋቸዋል። እኛ ዘንድ የነበረው መድኃኒት ወረንጦ ነው። እናቴ እሾህ የምታወጣበትን ያንኑ ወረንጦ ከማተቧ ጋር አንገቷ ላይ አስራ ትውል ነበር።

ከእኔ በፊት የምትነቅልላት አክስቴ ነበረች። የእሷም ዓይን እየደከመ ሲመጣ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ወረንጦውን ለእኔ ሰጠችኝና «ይቺ እጇ አይንቀጠቀጥ፣ አፏ አይከፈት፤ እሷ ትንቀል» አለች። ሁለቱም እውነት ነበር። እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ የማልወጣ፣ መምህር ስሜን ሲጠራ አቤት የምልበት ድምፅ የሚጠፋኝ ዓይን አፋር ልጅ ነበርሁ።

ሥራው እንዲህ ነው። ሴትዮዋ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ትጋደምና ራሷን ጭኔ ላይ ታደርጋለች። በግራ አውራ ጣቴ ቆቡን ቀስ አድርጌ ወደ ላይ እስበዋለሁ። ፀጉሩን ከሥሩ እይዝና በበቀለበት አቅጣጫ ባንድ ጊዜ እነቅለዋለሁ። ቸኩዬ ከመሐሉ ከሰበርሁት የቀረው እንደ ገብስ ጢም ይሆንና ከበፊቱ ብሶ ይወጋል። ስለዚህ አልቸኩልም ነበር። ይህ ተወራና ከእናቴ ቀጥለው ጎረቤቶችም መጡ። በአንድ እሑድ አራት አምስት ሴቶች ተራ የሚጠብቁበት ጊዜ ነበር።

ዓይኑን ጨፍኖ የተጋደመ ሰው ያወራል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት የሚሰማውን ሰው ፊት ስለማያይ ይሆናል። አንዷ ባሏ ሞባይል ከገዛ ወዲህ ሞባይሉን እየጮኸ እንደሚያነጋግር፣ እሷን ግን በጥቅሻ ብቻ እንደሚያዝዛት እየሳቀች ነገረችኝ። ስትስቅ ቆቡ ስለሚንቀጠቀጥ እስክትጨርስ ወረንጦውን አንሥቼ ጠበቅሁ። ሌላዋ በአራስነቷ የሞተባትን ልጅ ስም ነገረችኝ። ከዚያ ቀን በፊት ያን ስም ለማንም ጠርታው አታውቅም ነበር። እኔም ቀጣዩን ፀጉር ፈለግሁ።

በኋላ ዩኒቨርሲቲ ተመደብሁ። ስለዚህ ነገር ሳስብ ማመስገን ይቀድመኛል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአቅራቢያችን ባይከፈት፣ መንገዱ ባይጠረግ፣ እናቴ «ትማር» ብላ ከአባቴ ጋር አንድ ክረምት ሙሉ ባትከራከር፣ ዛሬ ይህን የምጽፍበት እጅ ሌላ ሥራ ላይ ነበር። ግን ስሄድ እጄንም ይዤው ነው የሄድሁ። ከሴሚስተር ሴሚስተር ለእናቴ የነቀሉላት ዓይናቸው የደከመ ሴቶች ናቸው፤ ያዩትን ነቀሉ፣ ያላዩትን ሰበሩ። በስልክ «ዓይንሽስ?» ስላት «ደህና ነው፤ አንቺ በልተሻል?» ትለኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ለእረፍት ስመጣ በግራ ዓይኗ ብሌን ላይ የአሬራ ጠብታ የመሰለ ነጭ ነገር አየሁ። «ድሮም ነበረ» አለች። ድሮ አልነበረም። ያን ዓይን አውቀዋለሁ።

ከዚያ ወዲያ የቀራት የቀኙ ብቻ ነው።

ተመርቄ ሥራ ስጠብቅ ቤት በነበርሁበት ጊዜ፣ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ የዓይን ቀዶ ሕክምና ለአንድ ሳምንት በአርብ ገበያ ጤና ጣቢያ በነፃ እንደሚሰጥ ተነገረ። ነርሶች ቆቡን ሠንጥቀው ወደ ውጭ መልሰው ይሰፉታል። እናቴ አልሄድም አለች። ስማዳ ውስጥ አንዲት ሴት ከተሠራች ወዲህ ዓይኗ አልከደን ብሏት ገልጣ ነው የምትተኛ የሚል ወሬ ሰምታ ነበር። ባለፈው ዓመት የተሠራችው ጎረቤታችን «እንግዲያውስ ቤቷን ሌባ አይደፍረውም በያ» ብላ ሳቀችባት። ጎረቤታችን ደህና ነበረች፤ ዓይኗም ይከደናል። እናቴን ግን ያሳመናት ሌላ ነገር ነው። ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ተደውሎልኝ በሚቀጥለው ሰኞ ሥራ እንድጀምር ተነገረኝ። ነገርኋት። «ማን ይነቅልልኛል ታዲያ?» አለች። ቀጥላም ራሷ «እሺ፣ ረቡዕ እንሂድ» አለች።

ማክሰኞ ከሰዓት ነጠላዋን አጠበች፤ ፀጉሯን አሠራች። ቀጥሎ እኔን ጠርታ ጭኔ ላይ ተጋደመች። «አጽጅልኝ። እንዲህ ባለ ዓይን ሐኪም ፊት አልቀርብም» አለች። እኔም አጸዳሁላት። ስላደረግሁት ነገር ጥቂት እንኳ አላሰብሁም፤ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰው ይታጠባል፣ ይሰናዳል፣ ያው ነው። በሕይወቴ ከነቀልሁት ሁሉ ያማረ ሥራ ነበር። ሰባቱም ከነሥራቸው ወጡ።

ረቡዕ ማልደን ደረስን። ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ረጅም ሰልፍ ነበር። ተራችን ሲደርስ አንድ ወጣት የጤና ባለሙያ በባትሪ ብርሃን የእናቴን ዓይን አየ። ግራውን አይቶ ይሄኛው ቆየት ብሎ ለብቻው ይታያል አለ። ቀኙን ግን ደጋግሞ አየውና «እማማ፣ ብሌኑን የሚነካ ፀጉር የለም። የባሰባቸው ብዙ ሰዎች አሉ። ወደ ቤትዎ ይሂዱ» አላት። በትሕትና ነው የነገራት። ልክም ነበር፤ በዚያን ቀን የሚነካ ፀጉር አልነበረም።

እናቴ ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም። ወደ በሩ እየፈጠነች «አየሽ? የለብዎትም አለኝ። ሐኪም ነው ያለ» ትለኛለች።

እኔ በሩ አጠገብ ቆምሁ። ሕክምናው በዚያው ሳምንት ያበቃል። ፀጉሮቹ በሁለት ሳምንት ተመልሰው ይበቅላሉ፤ ያን ጊዜ እኔ መካነ ኢየሱስ ነኝ። በዚያ ላይ በቀኙ ብሌን ጠርዝ ላይ ቀጭን ጭጋግ መጀመሩን ከአንድ ወር በፊት አይቻለሁ። ከእኔ በቀር ያየው ሰው የለም፤ ለማንም አልነገርሁም። የግራውም እንዲያ ነበር የጀመረው። እናቴ ከበሩ ውጭ ሆና «ምን ሆነሻል? ነይ እንጂ» አለችኝ።

ተመለስሁ። በሰልፉ ጎን ሳልፍ ዱላ የያዘ ሰውዬ «ወረፋ አለ፣ የኔ እመቤት» አለኝ፤ ከኋላው የነበሩት ሳቁ። የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ አንዲት በዕድሜ ጠና ያለች ነርስ ቆማለች። «ሲስተር፣ እኔ ነቅያቸው ነው» አልሁ። አልሰማችኝም። ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር። እንደገና፣ እኔን ራሴን ባስደነገጠኝ ድምፅ፣ «እናቴ ፀጉር የሌላት ትናንት እኔ ስለነቀልሁት ነው» አልሁ።

ግቢው ሳቅ ሆነ። ነርሷ አልሳቀችም።

«ስንት ነበሩ?»

«ሰባት። ሦስት ከጆሮዋ በኩል፣ አራት መሐል ላይ። ከአራቱ ሁለቱ ሽበት ናቸው።»

እናቴን አስጠራቻትና ፀሐይ ላይ አቁማ በማጉያ መነጽር አየቻት። ረጅም ጊዜ አየቻት። «ፀጉሩ ባይኖርም ቆቡ መጠቅለሉ ይታያል። ቦታዎቹም አንቺ ያልሽው ናቸው» አለችኝ። ቀና ብላም ሰልፉን ተመለከተችና ትናንት ወይም ዛሬ ጠዋት ያስነቀለ ሌላ ሰው እንዳለ ጠየቀች። ከዚያ አንዲት አሮጊት ከመሬት ሳይነሡ «ለእናንተ ክብር ብለን ነው እንጂ እንዲሁማ ዛሬ አንነቅልም» አሉ። አንድ እጅ ተነሣ፤ ሌላ እጅ ተነሣ። ከመጨረሻ አንድ ቄስ መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው «እኔም አለሁበት» ሲሉ ነርሷም አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ወጣቱ ባለሙያ ከሁሉ ይልቅ ደነገጠ። ከእኛ በፊት የሸኛቸው ሁለት ሴቶች መንገድ ጀምረው ነበር። አንድ ሰው የአንደኛዋን ልጅ ስልክ ያውቅ ነበርና ደወለለት፤ ሴቶቹ ወንዝ ሳይሻገሩ ተመለሱ።

እናቴ ወደ ክፍሉ ስትገባ ዞር ብላ «ሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለችኝ። ገባች ግን።

ሥራው ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ውጭ ግንድ ላይ ተቀምጬ እጄን ምን እንደማደርገው ጠፍቶኝ ጠበቅሁ። ነርሷ እጇን ልትታጠብ ስትወጣ አጠገቤ ቆመችና ደህና መሆኑን ነገረችኝ። እናቴ ከመደንዘዣው መርፌ ጀምሮ ክሩ እስኪቋጠር ድረስ ስታወራ ነበር አለች።

«ግራዋ የጠፋው አንቺ ትምህርት ላይ ሳለሽ ነው አይደል? ትሰሚና ትምህርትሽን ትተሽ ትመጫለሽ ብላ መንደሩን ሁሉ አስምላዋለች። ለእኔ ነገረችኝ። ልንገራት? ስላት ዝም አለች፤ እሺ ማለቷ መሰለኝ።»

በጨርቅ ተሸፍና፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ለማታውቃት ሰው ነገረች። ለእኔ በዚያ ሁሉ ዓመት ጭኔ ላይ ተጋድማ ያን አንድ ነገር አልነገረችኝም። ያን ጊዜ አላለቀስሁም። ነርሷን አመሰገንሁ፤ ምን ብዬ እንዳመሰገንሁ ግን አላስታውስም። በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ ዓይኗ አብጦና ቀልቶ ነበር። ሁለት ሦስቴ ጨፍና ገለጠችው። «አይወጋም» አለች።

አሁን እሑድ እሑድ ወደ ቤታችን ለዓይኑ የሚመጣ ሰው የለም። የመንደራችን ሴቶች አብዛኞቹ ተሠርተዋል። ልጆቹም በየዓመቱ የሚታደለውን የዓይን ማዝ መድኃኒት ይውጣሉ፤ ፊታቸውንም ይታጠባሉ። እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ይከፋኛል። ሴቶቹ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ፣ መቼ እንደማገባ ይጠይቁኛል፤ ስለ ራሳቸው ግን የሚነግሩኝ የለም። እናቴም በስልክ «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ» ብላ ትዘጋዋለች። እንዲያ ያለ ወሬ የሚወራበት ሌላ ቦታ እስካሁን አላገኘሁም። ቢሆንም ያን ቦታ ለመመለስ የአንዲቱንም ሴት ዓይን አልሰጥም። ቆቡን የሰፋችውን ነርስ፣ መርፌውን የሠሩትን የማላውቃቸውን ሰዎች፣ መንገዱን፣ ስልኩንም አመሰግናለሁ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ፣ ስፌቱ በሚወጣበት አርብ፣ ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ለምኜ መጣሁና አብሬያት ሄድሁ። ጤና ጣቢያው እንደጨረሰ እናቴ በገበያው በኩል እንለፍ አለች። አቧራ ነው፣ ይቅርብሽ ብላት አልሰማችኝም። በአቧራውና በፀሐዩ ምክንያት ገበያ መውጣት ካቆመች ሁለት ዓመት አልፏት ነበር። በገብሱና በአተሩ ተራ መሐል ከፊቴ ቀድማ፣ የምታውቀውን ሁሉ እየሳመች ሄደችና ክር ከሚሸጠው ነጋዴ ፊት ቆመች። ጥቁር ክር ጠየቀችው። የሰጣትን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው፤ ከዚያ አራቀችው።

«ይሄ ጥቁር አይደለም። ሰማያዊ ነው» አለችው።

ሰውዬው ተቀብሏት እሱም ወደ ብርሃን አወጣው። «ኧረ እናቴ፣ ዓመቱን ሙሉ ሰው ሁሉ ጥቁር ነው ብሎ ሲወስደው የኖረ ነው» አላት።

«እንግዲያማ ሰው ሁሉ ይታከም» አለችና ሌላ እንዲያወጣላት እጇን ዘረጋች።